ከአሞራ ገደል ጉሬዛዎች ኩስ ዲኤንኤ ማውጣት፦ ከዛፉ ሥር እስከ ውጤቱ

ጉሬዛን ሳይዙ፣ ሳያደነዝዙ፣ ጠብታ ደም ሳይቀዱ ስንት እንደሆነና ማን የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የሚያስፈልገው ጠዋት ከዛፍ ላይ የሚጥለው ኩስ ነው። ምግብ በአንጀት ሲያልፍ የአንጀቱን ግድግዳ ሴሎች እየፋቀ ይወጣል፤ ኩሱ ላይ ተለጥፈው የሚወርዱት እነዚህ ሴሎች የእንስሳውን ዲኤንኤ ይዘዋል። (አማርኛ ለከብት እበት፣ ለፈረስ ፋንድያ፣ ለፍየል በጠጥ እያለ ለየብቻ ይሰይማል። ለጉሬዛ የተለየ ስም ስለሌለ እዚህ ኩስ ብለነው እንቀጥላለን።)

ችግሩ ዲኤንኤው ጥቂት መሆኑና መቆራረጡ ነው። ሀዋሳ ላይ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አሞራ ገደል የሚባለው መናፈሻ በሐይቁና በከተማው መሀል የቀረ የዛፍ ቁራጭ ስለሆነ፣ አንድም ናሙና ሳይሰበሰብ ሁሉም ሰው "እዚያ ያሉት ጉሬዛዎች ዘመድ ከዘመድ ተዋልደው ይሆናል" ብሎ ይገምታል። በደንብ ያልተያዘ ናሙና የሚሰጠው ውጤትም ልክ ይኸው ነው፤ ዘመድ ከዘመድ የተዋለደ ያስመስላል። ስህተቱ ከተጠበቀው መልስ ጋር ስለሚገጥም ማንም አይጠራጠረውም። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር አብዛኛው ይህንን ስህተት ለመዝጋት ነው።

መጀመሪያ ጥያቄው

"የጉሬዛ ጄኔቲክስ ላጠና ነው" ማለት ገና ጥያቄ አይደለም። በአሞራ ገደል ስንት ጉሬዛ አለ? ከወንዶ ገነት ደን ጉሬዛዎች ጋር የዘር ልውውጥ አለው? ወንዶቹ ሲጎረምሱ ከተወለዱበት መንጋ ይወጣሉ፤ ታዲያ በከተማ ከተከበበ ደን ወጥተው የት ይደርሳሉ? እንዲህ ሲሆን የናሙናው ብዛት ራሱ ይወጣል። ለቆጠራ ከሆነ፣ ይኖራል ብላችሁ ከምትገምቱት ቁጥር ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ኩስ ያስፈልጋል፤ አንዱ እንስሳ ደጋግሞ ስለሚገኝ። 20 ጉሬዛ ከገመታችሁ ከ50 እስከ 60 ኩስ ማለት ነው። ሁለት ቦታ ለማወዳደር ደግሞ ከየቦታው ከ20 እስከ 30 የተለያዩ እንስሳት ይፈለጋሉ፤ ቦታው ያን ያህል ከሌለው ያለውን ሁሉ መያዝ ነው።

ፈቃዱን ናሙና ከመሰብሰብ በፊት ጨርሱ። መናፈሻውን ከሚያስተዳድረው ክፍል፣ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እና ዘረ መልን ስለሚመለከት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ተነጋገሩ። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን አግኝቶ መጠቀምን) የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ናሙናው ውጭ አገር ላቦራቶሪ የሚሄድ ከሆነ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። እንስሳው ሳይነካ የተገኘ ኩስ ከሳይቲስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ) ስምምነት ቁጥጥር ውጭ ተደርጓል፤ ይህ ግን ከአገር ውስጡ የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ ነፃ አያወጣም። ከኩሱ የወጣ ዲኤንኤ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ለብቻው ጠይቁ። ተቀባዩ አገርም የራሱን የእንስሳት ጤና ፈቃድ ይጠይቃል።

ግዢ፣ ለ60 ናሙና

ክዳኑ የሚጠመዘዝ 50 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ቱቦ 120፣ ለመጠባበቂያ 10 ተጨማሪ። ለእያንዳንዱ ኩስ ሁለት ቱቦ ይሄዳል፤ አንዱ ለኢታኖል፣ አንዱ ለሲሊካ ጄል። ኢታኖል ለአንዱ ናሙና 30 ሚሊ ሊትር ስለሚገባ 1.8 ሊትር ይጠፋል፤ የሚፈሰውን አስባችሁ 2.5 ሊትር ግዙ። ሲሊካ ለአንዱ 20 ግራም፣ በጠቅላላው 1.2 ኪሎ፤ 1.5 ኪሎ ይሁን። ጓንት ሁለት ፓኬት፤ 100 የሚለው ፓኬት 50 ጥንድ ብቻ መሆኑን የሚረሳ ሰው አይጠፋም። የፊት ማስክ፣ ጎዝ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የእንጨት ማንሻዎች (ለትንንሹ ስቴኪኒ ይበቃል)፣ ወፍራም ወረቀትና እርሳስ። ማርከር ብቻ ይዞ መሄድ አይሆንም፤ ምክንያቱን ታች ታገኙታላችሁ።

ኢታኖሉ 96 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ውሃ ነው፤ በኩሱ ውስጥ ባለው እርጥበት ላይ ሲጨመር ዲኤንኤን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች በቅጡ አያቆምም። ቀለም የገባበት ማቀጣጠያ አልኮልም አይሆንም። ዳግም አረቄም ቢሆን ለዚህ ሥራ ውሃ ነው።

ሲሊካው እርጥበት ሲጠጣ ቀለሙ የሚቀየር ይሁን። ሰማያዊው ኮባልት ክሎራይድ ስላለበት ለጤና ጥሩ አይደለም፤ ብርቱካንማውን ምረጡ። ሱቅ ውስጥ ከረጢቱ ተከፍቶ ከርሞ ሊሆን ስለሚችል ከመጠቀማችሁ በፊት በምድጃ 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቁት፤ ሳይቀዘቅዝ ቱቦ ውስጥ አትጨምሩት። ኩስ የነካውን ሲሊካ ግን አድርቃችሁ ደግማችሁ አትጠቀሙ።

ንጋት ላይ

ጉሬዛ ሲነጋ ቸኩሎ አይነሳም። ካደረበት ዛፍ አናት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይቆያል፤ ለግጦሽ ከመንቀሳቀሱ በፊት ብዙዎቹ በተቀራራቢ ሰዓት ይጥላሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው። መንጋውን እስኪመሽ ተከታትላችሁ ያደረበትን ዛፍ በጂፒኤስ ያዙ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዛፉ ቢያንስ አሥር ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ልክ ከሥሩ መቆም እነሱንም ያስበረግጋል፣ እናንተም የሚወርድባችሁን አትወዱትም።

ዛፉ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ብልሃት ይመስላል፤ አንመክረውም። የሁለት ጉሬዛ ኩስና ሽንት ላስቲኩ ላይ ይቀላቀላል፣ ላስቲኩም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘዋወር የትናንቱን ዲኤንኤ ይዞ ይሄዳል። ዓይን ይሻላል። አንዱ ሰው በባይኖኩላር ማን እንደጣለ ያያል፣ ሌላው የወደቀበትን ቦታ ይይዛል። የጣለው ታየ ወይስ አልታየም? ወንድ፣ ሴት፣ ግልገል? ይህ ለእያንዳንዱ ናሙና ይጻፍ። ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ስለሆነ እናቱን ለመለየት ይረዳል፤ ነጭ ግልገል ስታጠባ የታየች ሴት የጣለችው ኩስ የታወቀ እናት ናሙና ነው፣ ለወላጅነት ትንታኔ ወርቅ ነው።

መንጋው ሲርቅ ጠጋ በሉ። ማስክ አጥልቁ፤ ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣ በሽታ እንዳለ ሁሉ ከእኛም ወደ እነሱ ይሄዳል። አዲስ ጓንት አጥልቁ። ኩሱን እዩት። ያንጸባርቃል? ቀጭን ዝልግልግ ነገር ሸፍኖታል? ያ ነው የምትፈልጉት፤ የአንጀቱ ሴል ያለው በላዩ ላይ ነው። መሬት የነካውን የታችኛውን ጎን ተዉት፤ አፈር ራሱ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ይበጠብጣል። በእንጨቱ ከላይና ከጎን ያለውን ልጣጭ እየፈቀፈቃችሁ፣ የአውራ ጣትን ጫፍ የሚያህል፣ ወደ 5 ግራም ውሰዱ። ከዚህ አትብዙ። "ትንሽ ልጨምር፣ ዲኤንኤ ይበዛልኛል" የሚለው ሐሳብ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ኩሱ ሲበዛ ውሃው ኢታኖሉን ያቀጥነዋል፣ መሀሉም ሳይደርቅ ይበሰብሳል። 30 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ያለበት ቱቦ ውስጥ ክተቱት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ገልብጡት፤ አትነቅንቁት፣ ይፈርሳል። ጓንቱን አውልቁ። ለሚቀጥለው ኩስ ሌላ ጥንድ።

የሚተው ኩስም አለ። አሞራ ገደል ዛፎቹ ላይ አባ ኮዳ ይሰፍራል፤ ነጭ ኩሱ የተረጨበትን አታንሱ። ከዓሣ ገበያው የሚመጣ ቅርፊትና ውሻ ያለበት አካባቢ ላይም ተጠንቀቁ። ጦጣና ጉሬዛ በአንድ ዛፍ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ሲጥል ያልታየ ኩስ "የጉሬዛ ይመስላል" ተብሎ አይመዘገብም፤ "ያልታወቀ" ይባልና ዝርያው በላቦራቶሪ ይለያል። ፀሐይ ዲኤንኤን ትቆርጣለች፣ ዝናብ የላዩን ሴል አጥቦ ይወስዳል። ከወደቀ አንድ ሁለት ሰዓት ያለፈውን ሌላ ካጣችሁ በቀር አታንሱ። በዚህ ምክንያት ሥራውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ መሥራት ይመረጣል።

ሙዝ ይዞ ጉሬዛ ለማቅረብ መሞከር አይገባም። ጦጣዎቹ ቀድመው ይነጥቃሉ፣ ስለ አመጋገብ የምትሰበስቡት መረጃም ይበላሻል። ጎብኚዎች የሚሰጡትን ግን ሳትቆጡ መዝግቡ፤ ምን ሰጡ፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት። የከተማ ጦጣ ሥነ ምህዳር ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው።

ኩሱ ብቻውን ስለ አኗኗራቸው አይናገርም። መንጋውን በየ15 ደቂቃው ቃኙና በዓይናችሁ የገባው እያንዳንዱ ጉሬዛ በዚያ ቅጽበት የሚያደርገውን ጻፉ፤ ይበላል፣ ያርፋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የሌላውን ጸጉር ያጸዳል። የሚበላውን ዛፍ ስም እርግጠኛ ካልሆናችሁ በሲዳምኛ የሚያውቁትን የአካባቢውን ሰዎች ጠይቁ፤ ስሙን እንደሰማችሁት ጻፉ፣ ቅጠሉንም ፎቶ አንሱ። ቅጠል በል መሆኑ ለላቦራቶሪውም ይተርፋል፤ ለምን እንደሆነ ይመጣል።

ደብተሩ

ኢታኖል የማርከርን ቀለም ያጥባል። አንዲት ጠብታ ከክዳኑ ሥር ብታመልጥ "ጉ-17" የነበረው ሰማያዊ ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ ኮዱን በእርሳስ በወፍራም ወረቀት ጽፋችሁ ቱቦው ውስጥ ክተቱ፤ ከውጭም ክዳኑና ጎኑ ላይ ድገሙት። ክዳን ላይ ብቻ መጻፍ ክዳን ከክዳን ሲለዋወጥ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ችግር የእኛው ነው። በደብተሩ "5/3/2017፣ 1፡20" ተብሎ ይጻፋል፤ ጂፒኤሱና ካሜራው "14/11/2024፣ 07፡20" ይላሉ። ሁለቱ አንድ ጠዋት ናቸው። መረጃው በውጭ ሰው እጅ ሲገባ ግን 5/3/2017 የፈረንጅ መጋቢት ይሆናል፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ደረቁ ወር በልግ መግቢያ ይሆናል፤ 1፡20 ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ። ወሩን በፊደል ጻፉ፤ "ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1፡20"። ከጎኑ የፈረንጁን ቀንና የ24 ሰዓቱን አቆጣጠር ጨምሩ።

ሦስተኛው መጋጠሚያ ነጥብ ነው። ሀዋሳ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነች። የቆዩት የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ ጂፒኤስ በተለምዶ የሚሰጠው ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ነጥቦቹ 200 ሜትር ገደማ ይፈናቀሉበታል፤ አሞራ ገደልን በሚያህል ቦታ ላይ ጉሬዛዎቹ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኙ ይታያሉ።

ከ24 እስከ 36 ሰዓት

ኢታኖሉ ውስጥ ከዚህ በላይ ማቆየት አያስፈልግም። በሁለተኛው ቱቦ 20 ግራም ሲሊካ ጨምሩ፣ በላዩ ላይ የታጠፈ ጎዝ አንጥፉ። ኢታኖሉን ቀስ ብላችሁ ወደ ቆሻሻ ጠርሙስ አንቆርቁሩ፤ ወደ መታጠቢያ ገንዳ አይደፋም። የቀረውን ኩስ በአዲስ እንጨት ጎዙ ላይ አሳርፉ፣ የእርሳሱን ወረቀት አብራችሁ አሸጋግሩ፣ ክደኑ። በማግስቱ እዩት፤ የሲሊካው ቀለም ከላይ እስከ ታች ከተቀየረ ጠግቧልና በደረቅ ተኩት። ከላይ ትንሽ ብቻ ከተቀየረ ደህና ነው።

ይህ ባለ ሁለት ደረጃ አሠራር ለእኛ አገር የሚመቸው በመብራቱ ምክንያት ነው። በዲፕ ፍሪዘር ብቻ የተያዘ ናሙና መብራት በጠፋ ቁጥር ይቀልጣል፣ ሲመጣ ይረጋል፤ ይህ ዲኤንኤን ይቆራርጣል። በሲሊካ የደረቀ ኩስ ግን ፀሐይ በማያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፣ በአውቶቡስም በአውሮፕላንም ሲሄድ እንደ ኢታኖል ተቀጣጣይ ተብሎ አይያዝም።

ላቦራቶሪ

ሁሉንም 60 ናሙና በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ከ10 እስከ 15 የሚሆኑትን መጀመሪያ ሞክሩ፤ ግማሾቹ እንኳ ካልሠሩ ችግሩ መስክ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ገንዘባችሁንም አልጨረሳችሁም።

ለኩስ ተብሎ በተዘጋጀ ማውጫ ኪት ተጠቀሙ። መመሪያው 200 ሚሊ ግራም የሚለው ለእርጥብ ነው፤ ለደረቀ 100 ገደማ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ኩስ ግማሹን ሳትነኩ አስቀሩ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ኩስ የሌለበት ባዶ ቱቦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ ይሂድ፤ ባዶው ዲኤንኤ ካሳየ የዚያ ዙር ሁሉ ይጣላል። ማውጫው ክፍልና የፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዣ ሂደት) ውጤት የሚከፈትበት ክፍል አይገናኙ። ክፍል ከጠበበ ቢያንስ አቅጣጫው አንድ ይሁን፤ ጠዋት ማውጫ፣ ከሰዓት ፒሲአር፣ ተመልሶ መግባት የለም።

ቅጠል በል ስለሆነ የጉሬዛ ኩስ በታኒንና በመሰል የዕፅዋት ኬሚካሎች የተሞላ ነው፤ እነዚህ ፒሲአሩን ያፍናሉ። ፒሲአሩ ባዶ ሲወጣ "ዲኤንኤ የለም" ከማለት በፊት የወጣውን 1 ለ 10 አቅጥናችሁ ድገሙት። ሲቀጥን ከሠራ የታፈነ ነበር። ቢኤስኤ የሚባለውን ፕሮቲን በማይክሮሊትር ከ0.4 እስከ 0.8 ማይክሮግራም መጨመርም ይረዳል።

መጀመሪያ በማይቶኮንድሪያ ዘረ መል (ሳይቶክሮም ቢ) ፈትኑ። ርካሽ ነው፣ ጉሬዛውን ከጦጣው ይለያል፣ ደካማውንም ናሙና ያጋልጣል። የተነበበው ላይ ድርብ ጫፍ ወይም መሀል ላይ የማቆሚያ ኮድ ካያችሁ፣ ያነበባችሁት ኒውክለስ ውስጥ የተደበቀ አሮጌ ቅጂ ሊሆን ይችላልና አትመኑት።

ከዚያ ማይክሮሳተላይት፤ አጭር ቅደም ተከተል የሚደጋገምበት፣ ርዝመቱም ከእንስሳ እንስሳ የሚለያይ የዲኤንኤ ቦታ ነው፣ ከዚህ በታች ስለ ውጤቶቹ "ቦታ" ስንል ይህንን ነው። ለጉሬዛ የሚያገለግሉት ብዙዎቹ ፕራይመሮች (ፒሲአሩ የትኛውን ቦታ እንዲያባዛ የሚመሩ አጫጭር ዲኤንኤዎች) መጀመሪያ ለሰው የተሠሩ ናቸው። ይህ ማለት የሰብሳቢውን ላብና የላቦራቶሪውን ሠራተኛ ምራቅ በደስታ ያባዛሉ ማለት ነው። ናሙናውን የነካ ሰው ሁሉ ፈቃዱን ሰጥቶ የራሱ መለያ ይመዝገብ፤ "አዲስ ጉሬዛ" ሲገኝ ከዚህ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል።

አሁን ከመነሻው ወደ ተጠቀሰው ስህተት ደረስን። አንድ ጉሬዛ በአንድ ቦታ ላይ ከአባቱ 150፣ ከእናቱ 156 ርዝመት ወርሷል እንበል። ዲኤንኤው ጥቂት ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በዕድል 150ው ብቻ ይባዛል፤ ማሽኑ 150/150 ብሎ ያነባል። ሁለት ዓይነት የነበረው አንድ ዓይነት ሆነ። ይህ በሁሉም ናሙና ላይ ሲደጋገም መንጋው ሁሉ እርስ በርስ የተዋለደ ይመስላል።

መድኃኒቱ መደጋገም ነው። ሁለት ዓይነት ውጤት ተቀባይነት የሚያገኘው እያንዳንዱ ርዝመት በተለያዩ ፒሲአሮች ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲታይ ነው። አንድ ዓይነት ውጤት ግን ብዙ ድግግሞሽ ይፈልጋል፤ ደካማ ናሙና ላይ እስከ 7። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ፦ 60 ናሙና፣ 10 ቦታ፣ በአማካይ 4 ድግግሞሽ 2,400 ውጤት ነው። ለዚህ ነው ደካማውን በማይቶኮንድሪያው ፈተና ቀድሞ ማጣራት፣ ብዙ ፕራይመርም በአንድ ቱቦ ማሠራት።

ውጤቱን ማንበብ

የምትጠቀሙባቸው ቦታዎች ወንድምና እህትን መለየት መቻላቸውን አስሉ። ሁለት ወንድማማቾች በአጋጣሚ አንድ የመምሰላቸው ዕድል ከ0.01 በታች እስኪሆን ቦታ ጨምሩ፤ ትንሽ መንጋ ላይ ሁሉም ዘመድ ስለሆነ ከዚህ መላላት አይቻልም። ሁለት ናሙናዎች በሁሉም ቦታ ተመሳስለው በአንዱ ብቻ ከተለያዩ ቆም በሉ። አንዱ 150/156፣ ሌላው 150/150 ከሆነ ምናልባት ያው ጉሬዛ ነው። ይህን የማያጣራ ቆጠራ የሌለ ጉሬዛ ይቆጥራል።

የሁለት ዓይነት ውጤት ማነስ ከታየ ሦስት ነገር መርምሩ። አንደኛ፣ ማነሱ በሁሉም ቦታ ነው ወይስ በአንድ ሁለቱ? በአንድ ሁለቱ ብቻ ከሆነ ለሰው የተሠራው ፕራይመር በጉሬዛው ላይ በደንብ አልያዘም፤ ያንን ቦታ ጣሉ። ሁለተኛ፣ ናሙናዎቹን በዲኤንኤ መጠናቸው ጠንካራና ደካማ ብላችሁ ክፈሉ። ማነሱ በደካሞቹ ብቻ ከሆነ መዋለድ ሳይሆን መበላሸት ነው። ሦስተኛ፣ ማወዳደሪያው። የአሞራ ገደሉ በዝናብ፣ የወንዶ ገነቱ በበጋ ከተሰበሰበ የምታወዳድሩት ጉሬዛ ሳይሆን አየር ጠባይ ነው። ሁለቱም በአንድ ወቅት ይሰብሰቡ፣ በየማውጫው ዙርም ተቀላቅለው ይግቡ፤ ሰኞ የአንዱን፣ ማክሰኞ የሌላውን መሥራት የቀን ልዩነትን የቦታ ልዩነት ያስመስላል።

ደካሞቹ ላይ ጥርጣሬ ከቀረ፣ ያስቀራችሁትን ግማሽ ኩስ ከሲሊካው አውጡና በአዲስ ባዶ ቱቦ አጅባችሁ ከማውጫው ደረጃ ጀምሩ። ሁለተኛውም ያው ከሰጠ ውጤቱን ጻፉት። ካልሰጠ፣ የዛፉ ነጥብ በጂፒኤሱ ላይ አለ፤ መንጋው ማታ የት እንደሚያድር ደግማችሁ ተከታተሉ።